የቆየ ላንድሮቨር ተንሸራታች መስኮት ሲነክስ

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ከዘጌ ጌሾ ጭነን እየተመለስን ነበር። መንገድ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ያዘን። የሾፌሩ መስኮት ተከፍቶ ነክሷል፣ ወዲያም ወዲህም አይልም። የእኔ ደግሞ ተዘግቶ ነክሷል። አጎቴ የግራ ክንዱ እስከ ትከሻው በሰበሰ። በእኔ በኩል ትንፋሽ የለም። የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ፣ በእጄ እየጠረግኩለት ነው ባሕር ዳር የገባነው። ቤት እንደደረስን «በል እንግዲህ፣ ክረምቱ ሳይጠነክር አንድ ነገር አድርግላት» አለኝና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

መኪናዋ ሲሪስ 3 ላንድሮቨር ፒካፕ ናት። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራ ነው። ማለት የመጨረሻዋ እንኳ አርባ ዓመት ገደማ ሆኗታል። መስኮቷ እንደ አሁኖቹ በእጀታ ተዘውሮ ወደ ላይና ወደ ታች አይሄድም። መስታወቱ ወደፊትና ወደኋላ ነው የሚንሸራተተው። የሚሟሽሽ ጥርስ የለው፣ የሚበጠስ ሽቦ የለው። አሠራሩ እንዲህ ቀላል ስለሆነ ማንም ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ሊጠግነው ይችላል። እኔ ከሥራ መልስ ጥቂት ቀናት ፈጅቶብኛል። ሁለቱም ተከፍተዋል፣ አንድም መስታወት አልተሰነጠቀም።

የነከሰው ምኑ እንደሆነ እወቁ

መስታወቱ የሚሮጠው ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ቀጫጭን የብረት መሮጫዎች ውስጥ ነው። መሮጫው እንደ ቦይ የታጠፈ ላሜራ ነው። ውስጡ እንደ ሱፍ ባለ ጨርቅ ተለብጧል። ጨርቁ መስታወቱ እንዳይንኳኳ ያደርጋል። ችግሩም ከዚሁ ጨርቅ ይጀምራል።

በበጋ ከአስፋልት ስንወጣ የሚነሳው አቧራ ጨርቁ ላይ ይቀመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ የኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጨርቁ ውሃውን ይጠጣል፣ አቧራው ጭቃ ይሆናል። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ ያ ጭቃ እንደ ግድግዳ ምርጊት ይደርቃል። ወደ ፎገራ በኩል የሚመላለስ ሰው ደግሞ የዋልካው ጭቃ ስለሚገባበት ይብስበታል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ፣ ከጨርቁ ሥር ያለው ላሜራ መዛግ ይጀምራል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ያብጥና ጨርቁን እየገፋ መስታወቱን ከሁለት በኩል ቆንጥጦ ይይዘዋል። መኪናው ከዛፍ ሥር የሚያድር ከሆነ ቅጠልና አበባ እዚያው ገብቶ ይበሰብሳል። አረንጓዴ ሽበት እስኪያበቅል ድረስ።

ጭቃ ነው ወይስ ዝገት? ይህን መለየት ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል። አንድ አዛውንት መካኒክ እንዴት እንደሚለይ አሳዩኝ። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፍ አድርገው ቀስ ብለው ገፉና «ጆሮህን አስጠጋ ልጄ» አሉኝ። አስጠጋሁ። ከታች በኩል፣ አሸዋ በጥርስ መሃል እንደሚፈጨው ዓይነት፣ ቅርር የሚል ድምፅ አለ። «ይሄ ጭቃ ነው፣ በውሃ ይለቃል» አሉ። በሌላው በር በኩል ሄደው እንደዚያው ገፉ። ምንም ድምፅ የለም፣ መስታወቱም ንቅንቅ አይልም። «ይሄን ግን መፍታት ሳይኖርብህ አይቀርም።» እንዳሉትም ሆነ።

ሌላው መንገድ የኤቲኤም ካርድ ነው። ጊዜው ያለፈበት ካርድ ካላችሁ በመስታወቱና በጨርቁ መሃል በማዕዘኑ አስገቡት። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎትቱት። የሚያልፍበት ቦታ ደህና ነው። የቆመበት ቦታ ላይ መስታወቱ ተቆንጥጧል። እዚያ ቦታ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። እኔ ጋ ከላይ ምንም አልነበረም። ከታች ግን ሦስት ቦታ ቆመ። ሦስቱም ውሃ የሚተኛበት ዝቅ ያለው ጫፍ አካባቢ ናቸው።

በመዶሻ አትንኩት

ይህን ለይቼ የጻፍኩት ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ከዓመታት በፊት ይችኑ መኪና አንድ ጋራዥ ወስደናት ነበር። ልጁ የመስታወቱን ጠርዝ በእንጨት ደግፎ አንድ ጊዜ ብቻ በመዶሻ መታው። ጠንክሮም አልመታውም። መስታወቱ ባንዴ እንደ በረዶ ተበትኖ ወንበሩ ላይ ፈሰሰ።

እንዲህ ያለው የመኪና መስታወት በእሳት ተጠብሶ የጠነከረ ነው። ፊቱ ብዙ ይችላል፣ ጠርዙ ግን ምንም አይችልም። ጠርዙ በትንሽ ብረት ከተነካ ሙሉው ይረግፋል። ስለዚህ በካቻቢቴ መጎርጎር፣ በመዶሻ መምታት፣ እጀታዋን ይዞ በኃይል መሳብ የለም። እጀታዋም ተነቅላ እጃችሁ ላይ ትቀራለች እንጂ መስታወቱ አይመጣም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ብዙ አይደለም። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ መርፌው የወጣ ትልቅ ሲሪንጅ፣ ላርጎ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ አቼቶ፣ ጥጥ ጨርቅ፣ ጓንትና መነጽር። ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ የተቆረጠ መዳፍ የሚያህል ቁራጭም ያዙ፣ ስንገፋ ይጠቅመናል። ጭቃውን የምትፍቁበት ደግሞ የቀርከሃ ስንጥር ይሁን። ቀርከሃ ከአዊ በኩል በየጊዜው ስለሚመጣ አይቸግርም። አንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ ወስዳችሁ ጫፉን እንደ እርሳስ ሳይሆን እንደ ምላስ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ጥረቡት። ጠንካራ ነው፣ ግን መስታወት አይጭርም። ብረት ከሚሠራው የተሻለ ይሠራል፤ ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

መፍታት ካለባችሁ ካቻቢቴ፣ መፍቻ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይትና አንቲረስት ይጨመራል።

መጀመሪያ በደረቁ አጽዱ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ውሃውን ቀድሞ ያፈሳል። አቧራው ተመልሶ ጭቃ ይሆንና ሥራው እጥፍ ይሆናል።

በደረቁ ጀምሩ። በጥርስ ብሩሹ የላላውን አራግፉ። በቀርከሃው የደረቀውን በቁራጭ በቁራጭ ፈልፍላችሁ አውጡ። ከዚያ መኪናውን ይዛችሁ ወደ ጎሚስታ ሂዱ። ጎማ የሚነፋበትን አየር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንዲነፋላችሁ ጠይቁት። መነጽር አድርጉ፣ አፋችሁን ሸፍኑ፣ ልጁም ዓይኑን እንዲከልል ንገሩት። ከመኪናችን የወጣውን ባየሁ ጊዜ ማመን አቃተኝ። አቧራ ብቻ አይደለም፤ የጌሾ ቅጠል፣ የሞተ ንብ፣ የቲኬት ቁራጭ ሁሉ ነበረበት።

አጥቡት፣ ከዚያ ተዉት

ለብ ባለ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ሾርባ ማንኪያ ላርጎ በጥብጡ። ውሃው እጃችሁን የማያቃጥል ይሁን። የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ከፈሰሰ ሊሰነጥቀው ይችላል። በሲሪንጁ ሳቡና የሲሪንጁን አፍ ጨርቁና መስታወቱ የሚገናኙበት ላይ አስጠግታችሁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። መጀመሪያ ከላይ፣ ከዚያ ከታች። ከውስጥም ከውጭም።

አሁን ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት። መልሳችሁ ሙሉት፣ እንደገና ግማሽ ሰዓት። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ ያለው ጊዜ ይበቃዋል። በጣም የደረቀ ከሆነ ማታ እርጥብ ጨርቅ መሮጫው ላይ ደርባችሁ አሳድሩት። ያ አረንጓዴ ሽበት ካለበት ግማሽ ውሃ ግማሽ አቼቶ በብሩሽ ቀቡት። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ በደንብ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። አቼቶው የበሩ አሉሚኒየም ላይ አይደር።

ከሥር የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ላይ ጥቁር ቡና ይመስላል። ቀስ በቀስ ጠላ ይመስላል። ንጹሕ ውሃ እስኪመስል ድረስ አትግፉ።

አገፋፉ

የጎማውን ላስቲክ መስታወቱ ላይ ለጥፉና በላዩ መዳፋችሁን አሳርፉ። ላስቲኩ ስለማይንሸራተት ኃይላችሁ ሁሉ መስታወቱ ላይ ያርፋል። አንድ እጅ ከውስጥ፣ አንድ እጅ ከውጭ። ሁለቱም ወደ ታችኛው መሮጫ ቀረብ ይበሉ፣ የተያዘው እዚያ ስለሆነ። ከላይ ከገፋችሁት መስታወቱ ይጋደምና ይበልጥ ይነክሳል።

ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ብቻ አትግፉ። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። በር ላይ ቆሞ እንደሚያወላውል ሰው። በመጀመሪያ ምንም የተንቀሳቀሰ አይመስላችሁም። ምልክት ያደረጋችሁበትን ፕላስተር እያያችሁ ሥሩ። የኔው ከሃያ ደቂቃ በኋላ የጥፍር ውፍረት ያህል ሄደ። ያኔ ነው እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው፣ ከደስታ።

ሁለት ሳንቲሜትር ሲሄድ ቁሙ። ወዲያው እስከ ጫፍ ልክፈተው አትበሉ። አዲስ የተገለጠው ቦታ ላይ ያልታጠበ ጭቃ አለ። እሱን በብሩሽና በሲሪንጅ አጥባችሁ መልሱት። እንደገና ሦስት ሳንቲሜትር። እንዲህ እያላችሁ እስከ መጨረሻው። በዚህ መንገድ የሾፌሩ መስኮት በሁለተኛው ቀን ማታ ተለቀቀ።

የውሃ መውጫዎቹን ሳትከፍቱ አትሂዱ

እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን ነው የምለው። መስታወቱን አላቃችሁ የውሃ መውጫውን ካልከፈታችሁ በሚቀጥለው ጥቅምት እዚያው ናችሁ።

ታችኛው መሮጫ ሥር የገባው ውሃ ወደ ውጭ የሚወርድባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የምስር ፍሬ ያህል ናቸው። ብዙ ጊዜ በጭቃ ወይም በተደራረበ ቀለም ተደፍነዋል። አንዳንዱ ባለቤት ደግሞ ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ራሱ በሲሊኮን ደፍኗቸዋል። የእኛም እንደዚያ ነበር። ውሃው መግቢያ እንጂ መውጫ አልነበረውም። ለዓመታት እዚያው ተኝቶ ብረቱን ሲበላ ኖሯል።

በእጃችሁ ዳብሱና ፈልጓቸው። ባሕር ዳር ሳይክል የሞላበት ከተማ ስለሆነ የሳይክል ጎማ ሽቦ አይጠፋም። አንዱን ወስዳችሁ ቀዳዳው ውስጥ እያዞራችሁ አስገቡት። ከዚያ አንድ ስኒ ውሃ መሮጫው ውስጥ አፍሱና ጎንበስ ብላችሁ ከውጭ እዩ። ውሃው በሁሉም ቀዳዳ መንጠባጠብ አለበት። እስከ ሠላሳ እስክትቆጥሩ ድረስ መሮጫው ባዶ ከሆነ ጥሩ ነው። ውሃው ከቆመ የተደፈነ ቀዳዳ ቀርቷል ማለት ነው።

እምቢ ካለ መፍታት

የእኔ በኩል ያለው መስኮት ሦስት ቀን በላርጎ ተነክሮ ንቅንቅ አላለም። ዝገት ነው፤ ዝገትን ሳሙና አያላቅቀውም።

የእነዚህ ላንድሮቨሮች ደግነቱ የበሩ የላይኛው ክፍል፣ ማለትም የመስኮቱ ፍሬም፣ ከታችኛው በር የሚለይ መሆኑ ነው። በሁለት ዳዶ ነው የሚታሰረው። ዳዶዎቹ ከበሩ ውስጠኛ በኩል ናቸው። ማታ ዝገት አላቃቂ ዘይት ቀቧቸውና ይደሩ። ጠዋት መጀመሪያ ጥቂት ወደሚጠብቅበት አዙሩ፣ ከዚያ ወደሚላላበት። ይህ ዝገቱን ይሰብረዋል። ዳዶው ሲወጣ ሌላ ሰው ፍሬሙን ደግፎ ይያዝ። ሁለታችሁም ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ መሬት ላይ አጋድሙት። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የትኛው መስታወት ከውስጥ፣ የትኛው ከውጭ እንደነበር በኋላ ይጠፋባችኋል።

መሮጫው ፍሬሙ ላይ በትናንሽ ብሎኖች ተይዟል። ጭንቅላታቸው በዝገት ስለሚበላ ካቻቢቴው ይሸሻል። ልካቸው የሆነ ካቻቢቴ ያዙና ኋላውን በመዶሻ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። እዚህ መዶሻ ይፈቀዳል፣ ግን መስታወቱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ። ጨርሶ ያልወጣ ብሎን ጭንቅላቱ በድሪል ይነሳል። መሮጫው ሲላቀቅ ከነመስታወቱ አንሱትና መሮጫውን ከመስታወቱ ላይ ግልጥ አድርጋችሁ ለዩት። ያኔም መስታወቱ ጠርዙ ብረት አይንካ።

አሁን የምታዩት ነገር ያሳዝናል። የኔው መሮጫ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረፈረ። እንዲህ ከሆነ አይጠገንም፣ አዲስ ይግዙ። የመስታወቱን ውፍረት አስለኩ፣ የመሮጫውንም ርዝመት ውሰዱ። ፍሬሙ ላይ ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ድረስ ፍቁ። ብረትና አሉሚኒየም የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ታያላችሁ። እሱም አሉሚኒየሙ ሲበላ የሚወጣ ስለሆነ አጽዱት። ሁለት ጊዜ አንቲረስት ቀቡና አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ክረምት ላይ ከሆነ ሁለት ቀን ስጡት።

አዲሱን መሮጫ በብረት መጋዝ ቁረጡ። ጨርቁ እንዳይተለተል የምትቆርጡበትን ቦታ በፕላስተር ጠቅልሉ። ውሃ መውጫ ከሌለው ከፍሬሙ ቀዳዳዎች ጋር አገጣጥማችሁ ብሱት። ከመሮጫው ሥር ቀጭን ሲሊኮን ማድረግ ይቻላል፣ ግን በቀዳዳዎቹ ዙሪያ አይሁን። መስታወቱን መሮጫው ላይ አስገብታችሁ ከመታሰሩ በፊት በጣታችሁ ሞክሩት። በሁለት ጣት ካልሄደ ብሎን ሲጠብቅ ጭራሽ አይሄድም።

መስታወቱ ተሰብሮ የሚተካ ካለ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። የዚህ መኪና መስታወት ጠፍጣፋ ስለሆነ መስታወት ቤቶች ይቆርጡላችኋል። ነገር ግን የቤት መስኮት መስታወት አታስገቡ። አደጋ ቢደርስ እንደ ቢላ ይሰነጠቃል። ሁለት ድርብርብ ሆኖ መሃሉ ላስቲክ ያለውን፣ ላሚኔትድ የሚሉትን ጠይቁ፤ እሱ በልክ ይቆረጣል። በእሳት የጠነከረው ዓይነት ግን ከተጠበሰ በኋላ አይቆረጥም፣ ይረግፋል።

የሚቀባው

ግራሶ አትቀቡ። የተቃጠለ ዘይትም አትቀቡ። የመጀመሪያው ሳምንት ቅቤ ይመስላል፤ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ከቀድሞው የባሰ ጭቃ ይሠራል። ናፍጣም ጨርቁን የሚያያይዘውን ማጣበቂያ ያላቅቃል።

የሚሻለው ደረቅ ነገር ነው። የሲሊኮን ስፕሬይ ካገኛችሁ ጨርቁ ላይ ስስ አድርጋችሁ ንፉ። የፊት መስታወቱ ላይ እንዳይነፋ ተጠንቀቁ፣ ማታ የሌላ መኪና መብራት ያብረቀርቅበታል። ካላገኛችሁ ንጹሕ ሰም ይበቃል። እኔ የተጠቀምኩት ከጧፍ የተረፈ ሰም ነው። የመስታወቱን ታችኛ ጠርዝ በደንብ አድርቄ ሰሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ስድስት ጊዜ አሸሁበት። ከዚያ መስታወቱን አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት። ሰሙ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ተለሰነ። አሁን በአንድ ጣት ይሄዳል።

በወር አንድ ጊዜ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ የውሃ መውጫውን በሽቦ መንካት ይበቃል። ዝናብ ባይኖርም መስኮቱን በየቀኑ አንድ ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ሳይነካ የከረመ ነው ቶሎ የሚነክሰው።

የሚኒባስ የጎን መስኮት፣ ወይም ከጋቢናው ኋላ ተንሸራታች መስኮት ያላቸው ፒካፖች ላይም አካሄዱ ይኸው ነው። ልዩነቱ የእነሱ ፍሬም እንደዚህ በሁለት ዳዶ አይወጣም። ብዙውን ጊዜ በትልቅ ላስቲክ ከመኪናው አካል ጋር ተይዟል። ላስቲኩ ከደረቀ ሲወጣ ይቀደዳል። ስለዚህ እነሱ ላይ እስከ ማጠቡና ማገፋፋቱ ድረስ ራሳችሁ ሥሩ፣ መፍታቱን ግን የመኪና መስታወት ለሚገጥም ሰው ስጡት።

ሰኔ ላይ አጎቴ እንደገና ወደ ዘጌ ሄደ። ምሽት ላይ ሐይቁ ዳር ትንኙ ሲበረታ መስኮቱን በጣቱ ገፋ አድርጎ ዘጋው። የረዳቱንም ዘንበል ብሎ ሞከረው። ሄደለት።